ከስደት ሌላ ስጧት

ጎረቤታችን ያን ቀን ሱቄ ደጃፍ ቆሞ ስለ ወንድሜ ልጅ የተናገረውን ስሰማ፣ እያጠፍኩት የነበረው ነጠላ ከእጄ ወደቀ። የመጣው ለልጁ ሠርግ ጥበብ ሊመርጥ ነበር። ሞባይሉ ከደረት ኪሱ ውስጥ ሆኖ የአዝማሪ ዘፈን ያንቆረቁራል።

«ልጅቷ ድምፅ አላት፤ አንደበትም አልነሳትም» አለኝ። «ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምታወራው። ስደት፣ ስደት፣ ስደት! እነዚህ ራፐር የሚባሉት ሁሉም እንዲህ ናቸው። አንዱን ነገር ይይዙና እሱኑ ሲያላምጡ ይከርማሉ።»

«ኪስህ ውስጥ ያለው ሰውዬስ ስለ ምን እየዘፈነ ነው?» አልኩት።

ጆሮውን ወደ ኪሱ ዘንበል አደረገ። «ስለ ዓይኗ።»

«ከዚህ በፊት የነበረውስ?»

«እሱም ስለ ዓይኗ ነው። ዓይን እኮ ጥልቅ ነገር ነው፣ እቴ!»

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። እኔ ላሊበላ ተወልጄ፣ ለተሳላሚና ለፈረንጅ ነጠላና ሻርፕ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሰው ጠዋት «ውድ ነው» ብሎ የጣለውን ሻርፕ፣ ከሰዓት ከሌላ ሱቅ በበለጠ ዋጋ ገዝቶ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በፊቴ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ልጅቷ ስለ ስንት ነገር ራፕ እንዳለች ከእኔ እኩል ያውቃል። አጥራችን አንድ ነው፤ ከእኛ ቤት የሚወጣ ድምፅ ሁሉ እሱ ቤት ይገባል።

የወንድሜ ልጅ ራፕ የጀመረችው ትምህርት ቤት ሳለች ነው። ቢት የሚሉትን ምት ከሞባይሏ ትከፍትና ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደች ቃሉን ታወርደዋለች። መጀመሪያ ያወጣችው አንድ እንግዳ ለአምስት ስለሚናጠቁ አስጎብኚዎች ነበር። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ አስጎብኚዎቹ ግን «ምን አገባት?» ብለው ወንድሜን ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ከሰሱት። ቀጥላ ስለ ውኃ ወረፋ አለች፤ «ፖለቲካ ውስጥ ልትገባ ነው» ተባለ። አንዴ ደግሞ በበዓል ቀን ከሩቅ በአገጩ ሰላም ስለሚላት ልጅ፣ ስሙን እንኳን ሳትጠራ፣ ስለ ፍቅር አለች። ያኔማ ጉድ ፈላ። ዓይንን ጥልቅ ያለው ይኸው ጎረቤታችን ነው «ባለጌ ልጅ አሳድገሃል» ብሎ ለወንድሜ የነገረው።

እንግዲህ ስለ ብዙ ነገር ስታወራ ጥጋብ፣ ስለ አንድ ነገር ስታወራ ድህነት ሆነባት። ስለ ስደት ያለችው ደግሞ ወዳ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ ነው የሄደው። በጋሸና፣ በወልድያ፣ በአፋር በረሃ አልፎ ጅቡቲ ገባ፤ ከባሕሩ ዳር፣ ኦቦክ ከሚባለው ቦታ፣ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፣ ልቅሶ አልተቀመጥንም፤ አለ ያለንም የለም። ወንድሜ ግንበኛ ነው፤ ሲሠራ እንኳ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ልጁ ከጠፋ በኋላ ስሙ በቤቱ እንዲነሳ አይፈልግም። ልጅቷ ነች አፍ አውጥታ የምትለው።

ታዲያ ደሴ ስቱዲዮ ያለው አንድ ሰው በሞባይል የተላለፈ ድምፅዋን ሰምቶ «ነይ፣ እንቅዳልሽ» አላት። ቤት ውስጥ ደስታና ጭንቅ አንድ ላይ ገቡ። ወንድሜ አላት፦ «ሰዉ በየማኅበሩ ‹ልጅህ ሌላ ወሬ የላትም› እያለ ያሸማቅቀኛል። ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ወጣቶቹ እንድትዘፍኚ ጠይቀዋል አይደል? ዝፈኚ። ሰዉ ከተቀበለሽ ደሴ እራሴ እወስድሻለሁ። ካዋረደሽ ግን ማይክ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳም።»

እኔ በመካከል ገብቼ «በዚያ ሰውዬ ዳስ? በዚያ አፈኛ ፊት?» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም አልሰሙኝም። እሷ «እሺ አባዬ» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

ሠርጉ ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት በኋላ ነበር። ዳሱ በባሕር ዛፍና በሸራ ከጎረቤታችን በር እስከ እኛ አጥር ተዘርግቷል። አዝማሪው ከጠዋት ጀምሮ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። የሙሽሪትን ዓይን አወደሰ፣ ወደ አንገቷ ወረደ፣ ጥርሷን ቆጠረ፣ ተመልሶ ዓይኗ ላይ ወጣ። አንድ ሰው እንኳን «ሰለቸን» አላለም። በየመሀሉ አንድ ራሰ በራ ዘመዳቸውን በመላጣው ሲሳለቅበት ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ መላጣውም ተነስቶ ሸለመው።

ቀጥሎ የወንድሜ ልጅ ወጣች። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከሥሩ ሸራ ጫማዋን አድርጋለች። የሙሽራው ጓደኞች ሞንታርቦውን አቀረቡላት። ወንድሜ ምሰሶ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጠላው አልተነካም። እኔ አጠገቡ ነኝ።

ለሠርጉ ብላ አዲስ ያዘጋጀችውን ነበር ያስቀደመችው፤ ጥሪው ሳይደርሳቸው ቀድመው ዳስ ስለሚገቡና ሥጋ በነጠላቸው ጠቅልለው ስለሚወጡ ዘመዶች። ወጣቱ ሳቀ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ታላላቆቿን ትዘልፋለች እንዴ?» አለችኝ። ይህችው ሴትዮ ናት ቅድም በመላጣው ዘመድ ስትስቅ እንባዋን ስትጠርግ የነበረችው። «አንቺ፣ ቅድም ያኛው መላጣውን ሰድቦ ተሸለመ አይደል?» አልኳት። «እሱማ አዝማሪ ነው» አለችኝ።

ቀጥላ ስለ ጋሸና መገንጠያ ያወጣችውን ጀመረች። ለእናታቸው «ወልድያ ሥራ አገኘሁ» ብለው የወጡ ልጆች፣ ጋሸና ላይ መኪና ሲቀይሩ አንዳቸው የሌላቸውን ፊት ላለማየት ስልካቸውን እንዴት እንደሚነካኩ ነው የሚናገረው። ሳትጋመስ ጎረቤታችን ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሳ።

«ይኸው! አላልኳችሁም?» አለ። «በሠርግ ቀን! በልጄ ሠርግ ቀን! ሌላ ወሬ የለሽም እንዴ አንቺ ልጅ?»

ቢቱ ብቻውን ይመታል። ያኔ ከጥግ በኩል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «ተቀበይ!» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። በእኛ አገር «ተቀበል» የሚባለው ለአዝማሪ ነው፤ ታዳሚው ግጥም ያቀብለዋል፣ እሱ ተቀብሎ በዜማ መልሶ ይለዋል። ሽማግሌው ራፐርና አዝማሪ ልዩነታቸው አልታያቸውም፤ ማይክ የያዘ ሁሉ ይቀበላል ብለው ነው። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። የወንድሜ ልጅ ከሰው አፍ ቃል ተቀብላ አታውቅም፤ «የእኔ የምለው ቃሌን ብቻ ነው» ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። እምቢ ብትል ደግሞ በዳስ መሀል ሽማግሌ አሳፈረች ማለት ነው፤ የአባቷም ፍርድ እዚያው አለቀ።

አባቷን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ይበሉ አባባ፣ እቀበላለሁ» አለች።

ጎረቤታችን ደስ አለው። «ጎሽ! እንዲህ ነው! እንግዲህ ከስደት ሌላ ያሻችሁን ስጧት። ስለ በሬ ስጧት፣ ስለ ቤት ስጧት፣ ስለ ፍቅር ስጧት! ከአንድ ነገር በላይ ታውቅ እንደሁ ዛሬ እናያለን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሬ አልክ? እሺ፣ ስለ በሬ።»

«ዳማና ጥቁር ነው ጥማዴ የነበረ፣
ጥቁሩ በረት ነው፣ ዳማው ባሕር ተሻገረ።»

መጀመሪያ ሳቅ ተጀመረ። በሬ ባሕር ሲሻገር የታያቸው ነበሩ መሰለኝ። ልጅቷ ግን ወዲያው ገብቷታል፤ ዳማው ተሸጦ ልጃቸውን ለሚያሻግረው ደላላ ተከፍሏል። ግጥሙን በቢቱ ላይ አድርጋ አንዴ አለችው፤ ደገመችው፤ ከዚያ ዳማው በሬ በደላላ እጅ፣ በልጃቸው እግር እየሄደ፣ በረሃውን ሲያቋርጥ፣ ጀልባው ላይ ሲወጣ አሳየችን። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሽማግሌው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይሄ እኮ ስደት ነው!» አለ ጎረቤታችን።

«ኧረ በሞቴ! እኔ የሰጠኋት ስለ በሬዬ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው ተገርመው።

«ቤት! ስለ ቤት ስጧት!»

እንጀራ ስታቀርብ የነበረች አንዲት ሴት መሶቡን እንደያዘች ቆመች። ይህች ሴት በዳስ መሀል አፍ አውጥታ ስትናገር እኔ አይቼ አላውቅም። «ተቀበይኝ፣ የኔ ልጅ» አለች።

«ቆርቆሮ አልብሳልኝ ቤቴ እያበራ፣
ዝናቡ ሲመታው መሰለኝ ስትጣራ።»

ልጇ ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ነው ያን ቆርቆሮ ያለበሰችው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። የወንድሜ ልጅ ተቀበለች። በዚህኛው ምንም አልጨመረችበትም፤ ሁለቱን ስንኝ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ መላልሳ አለችው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከስደት ሌላ ስጧት ተብሎ፣ በሬም ቤትም ሲጠራ የሚመጣው ያው ነው። ልጅቷን አንድ ነገር ብቻ ታወራለች ያላት ሰው ሁሉ፣ አፉን ሲከፍት ሌላ አልነበረውም!

ጎረቤታችን ላብ በላብ ሆኗል። «ፍቅር እኮ አልኩ! ስለ ዓይን ስጧት! የሙሽሪት ዓይን ተቀምጦ ስለ ቆርቆሮ!»

ማንም አልሰጠም።

«ተቀበይ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሁላችንም ወደ ሴቶቹ ዞርን። ከዚያ አልነበረም። ድምፁ የመጣው ከፊት፣ አበባ ከተደረደረበት፣ ከዓይነ ርግቡ ሥር ነበር። ሙሽሪት ናት። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ በዳስ ውስጥ አትናገርም፤ እንኳን ግጥም ልትሰጥ ውኃ ስትጠማ እንኳ በሚዜ ነው የምታስጠይቀው። ዓይነ ርግቡን በእጇ ገለጠችው።

«ኩሌን ተዉት ይቅር፣ ዓይኔን አታወድሱ፣
ሰኞ የሚሄደውን ሙሽራ መልሱ።»

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ሙሽራውን አየሁት፤ ሱፉ ውስጥ ተሸሽጎ ጫማውን ያያል። ጎረቤታችንን አየሁት፤ ብርጭቆው በእጁ ዘንበል ብሎ ጠላው እጅጌው ላይ ይፈሳል፣ እሱ አያውቅም። ሳይነግሩን ሁሉም ነገር ተገለጠልን። ደላላው ተከፍሎታል። አባትየው ያውቃል፤ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ «ስደት፣ ስደት» ሲል ሁሉ ያውቅ ነበር። ሙሽሪት ደግሞ የሰማችው ገና ያን ዕለት ጠዋት፣ ስትኳል መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ።

የወንድሜ ልጅ ይህኛውን አልተቀበለችም። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ቆመች።

«አውጡልኝ!» አለ ጎረቤታችን፣ ጣቱን ቀስሮ። «ይህችን ልጅ ከዳሴ አውጡልኝ! ይህን መዓት ይዛ የመጣችው እሷ ናት!»

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ተነሳሁ። «ግጥሙን የሰጠችህ ምራትህ ናት፤ የምትልከው አንተ! ልጅቷ ምን አደረገች?» የሰማኝ የለም። ምክንያቱም አዝማሪው በዚያ መሀል ማሲንቆውን አነሳ። የሙሽሪትን ስንኝ ተቀበለ፤ ያንኑ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ በትዝታ ለቀቀው። ሰዉ አለቀሰ። እየተነሳ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈለት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እየተንሰቀሰቀች «እንዲህ ነው እንጂ የኑሮን ነገር መዝፈን!» አለችኝ። ልመታት እጄን አንስቼ ነበር። እግዚአብሔር ነው የያዘኝ።

ወንድሜ ተነሳ። አበቃ አልኩ በልቤ፤ ልጁን በክንዷ ይዞ ሊወጣ ነው። ደሴም ማይኩም እዚህ ቀረ። ወደ እሷ ሄደ፣ እጁን ዘረጋ፣ ማይኩን ተቀበላት። እንዴት እንደሚያዝ እንኳን አያውቅም፤ እንደ መዶሻ ነው የጨበጠው። አዝማሪው አቆመ።

«አንተ ልጅ» አለው ሙሽራውን። «ልጄ ከኦቦክ ደውሎልኝ ነበር። ‹ነገ እንሻገራለን፣ አባዬ› አለኝ። ‹ባሕሩ እንዴት ነው?› አልኩት። ‹ዛሬ ደህና ነው፣ ሕፃናት ዳሩ ላይ ይጫወታሉ› አለኝ። ‹በልተሃል?› አልኩት። ‹በልቻለሁ› አለኝ፤ ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ ስለ ድንጋይም ስለ ሲሚንቶም፣ ስመልስ በሆዴ የማወራው ይሄንኑ ነው። በሆዴ ሌላ የለም።»

ያ ዝምተኛ ወንድሜ! በዕድሜዬ ይህን ያህል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ማይኩን ለልጁ መለሰላትና «በይ፣ ካቋረጡሽ ላይ ቀጥይ» አላት። ከጋሸናው መሀል፣ ከቆመችበት ቀጠለች። አውጡልኝ ያለው ሰው ተቀመጠ።

ሙሽራው ሰኞ አልሄደም። ከተማው ግን ምን አለ? «አዝማሪው መለሰው!» አለ። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ውኃ ወረፋ ላይ፣ «አዝማሪው በአንድ ግጥም ሰው ከባሕር መለሰ» ይባላል። ስለ ልጅቷ ሲነሳ «እሷማ ያው ናት፣ ሌላ አታውቅም» ይላሉ። ስንቱን ተጣላሁ! ደንበኞቼ ሱቄን እየዘለሉ ማለፍ ሲጀምሩ ነው አፌን የያዝኩት።

ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ፤ ደሴ ሊወስዳት ቀን ተቆረጠ። ሊሄዱ ሲሉ ሻንጣዋን ሳስተካክል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው። ከሠርጉ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ኮፍያውን በእጁ ይዟል፤ ጢሙ አልተላጨም። ሁለተኛው ልጁ፣ በሠርጉ አንደኛ ሚዜ የነበረው፣ ሌሊቱን ወጥቶ መሄዱን ነገረን። ደላላው የበላውን አልመልስም ብሎ ነበር፤ ልጁ «ክፍያው ለምን በከንቱ ይቅር» ብሎ በወንድሙ ቦታ ገባ። ሳይሰናበት። ስልኩ ዝግ ነው።

ወንድሜ ወንበር ሳበለት። አልተቀመጠም፤ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ደሴ ስትቀጂ» አላት፣ «ስለ እሱም በይልኝ።»

የወንድሜ ልጅ አልተኮፈሰችም፣ ያለፈውንም አላነሳችም። «ይስጡኝ ጋሼ፤ እቀበላለሁ» አለችው።

ይህ ሰው ከላስታ እስከ ዋድላ በየሠርጉ ለአዝማሪ ግጥም በማቀበል የታወቀ ነው። ሁለት ስንኝ ለእሱ ምንም አይደለም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። ሦስታችንም ጠበቅነው።

«ረጅም ነው በይ» አላት። «ግራ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለው በይ። ያየው ሰው ካለ እንዲለየው።»